የቄስ አብተው ቁርስ

ላርናካ፣ ቆጵሮስ
መስከረም 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለአምለሰት አብተው፤

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ዘመኑ የጤናና የጥጋብ ይሁንልሽ። ክረምቱ አባርቶ ለፍኖተ ሰላም ፀሐይ ወጥቶላት እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በአባየ ጸሎት አለሁ፤ አምላክ ይመስገን።

ኢንተርኔት ከተዘጋባችሁ ወዲህ ስልኩም ሲገባ «ሃሎ፣ ሃሎ» ስንባባል ይቆረጣል። ስለዚህ ለእረፍት ወደ አገር በምትገባ ልጅ እጅ ይህን ላክሁልሽ። ባለፈው «አባየን ስኳር አገኛቸው፤ መርፌ ጀመሩ» ያልሽኝ ቃል ከጆሮዬ አልወጣም። ከቡሬ ገጠር አንስተሽ ቤትሽ ማምጣትሽን ስሰማ ግን ልቤ ተመለሰ። በሰባ አራት ዓመታቸው እዚያ ብቻቸውን መርፌ ሲወጉ ማሰቡ ይከብደኝ ነበር።

አትደንግጪ፤ ይህን በሽታ እኔ አውቀዋለሁ። እዚህ የማስታምማቸው ሽማግሌ፣ አንድሬያስ የሚባሉት፣ ስኳር ከያዛቸው አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ጠዋት ጠዋት መርፌያቸውን የምወጋቸውም፣ ቁርሳቸውን የማበላቸውም እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ በእጄ አንድ ቀን ወድቀው አያውቁም።

አንቺ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ትምህርት ቤትሽ እንደምትወጪ አልረሳሁም። ስለዚህ ከሃያ ደቂቃ የማያልፍ ነገር ልንገርሽ። በፍስክ ቀን እንቁላል ቀቅለሽ ካልተነፋ ዱቄት ከተጋገረ ዳቦ ጋር ስጫቸው። የአጃ ዱቄት ማታ በውኃ በጥብጠሽ ካሳደርሽው ጠዋት አጥሚቱ ቶሎ ይደርሳል፤ ማር ግን ጠብ እንዳይልበት። በጾም ቀን ሽምብራ ዘፍዝፈሽ ማታውኑ ቀቅለሽ አሳድሪ፤ ጠዋት በቲማቲምና በቃሪያ ለወስ ማድረግ ብቻ ነው። አጠገቡ የሱፍ ወተት። በጣም ከቸኮልሽ በሶ በለብ ያለ ውኃ፣ በትንሽ ጨው። የፈለግሽውን አድርጊ፤ ብቻ መርፌው ከተወጋ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እህል ሆዳቸው ይግባ።

ጉልበታቸውን ስመሽ «ህይወት ናት» በይልኝ።

ታናሽሽ ህይወት


ፍኖተ ሰላም
ጥቅምት 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለህይወት፤

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? እኛ ደህና ነን። አባየም ደህና ናቸው፤ «በሰው አገር የምትደክም ልጄን መልአኩ ይጠብቃት» ብለው በየቀኑ ስምሽን ያነሳሉ።

ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው። አጃው ጋ ስደርስ አስቆሙኝና «ልጄ ባሕር ተሻግራ አጃ አገኘች? አጃማ ኸጓሯችን ነበረ» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

እንዳልሽው እያደረግሁ ነው። መድኃኒቱን ማቀዝቀዣ ስለሌለኝ እርጥብ አሸዋ የሞላ ገንቦ ውስጥ ነው የማስቀምጠው፤ የሆስፒታሏ ነርስ ናት ያሳየችኝ። ጠዋት ከኪዳን ሲመለሱ መርፌያቸውን እወጋለሁ፣ ቁርሱን አቀርባለሁ፣ ወጥቼ እሮጣለሁ። ሽምብራውን ወደውታል። እንቁላል እንኳ በልተው የማያውቁ ሰው አሁን ሁለት ይበላሉ። ሮብና አርብ ትንሽ ያስቸግራሉ እንጂ ይበላሉ።

የስኳራቸውን ልክ በየቀኑ ጻፊልኝ ብለሽ በስልክ ያልሽኝን ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። ከቻልሽ ደም የሚነካበትን የመለኪያውን ወረቀት ላኪልኝ። እዚህ አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም።

አምለሰት


ላርናካ
ታኅሣሥ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም፤

ጽሑፍሽን ሳይ የቤታችን ሽታ መጣብኝ። ተባረኪ። አባየ እንቁላል በሉ ብትዪኝ ደስታዬን የምነግረው ሰው አጥቼ ለሽማግሌው በአማርኛ ነገርኋቸው፤ እሳቸውም አንገታቸውን ነቀነቁልኝ።

ግን አንድ ነገር ልበልሽ፤ አትቆጪ። የላክሽልኝ ቁጥር ሃያ ሁለት ቀን ሙሉ መቶ ሃያ ነው። የሰው ደም እንደ ትምህርት ቤት ደወል አይደለም፤ ይወጣል፣ ይወርዳል። ለክተሽ ነው ወይስ ገምተሽ?

አሁን ደግሞ የነቢያት ጾም ነው። አባየን አውቃቸዋለሁ። እዚህ ያሉትን የኛን ካህን ጠይቄ «በሽተኛ በጾም አይያዝም» ብለውኛል። የንስሐ አባታቸውን ቄስ ይታገሱን ቤት ጥሪና ይገዝቱልሽ። መርፌው አንድም ቀን እንዳይቀር፤ አንድም ቀን! እዚህ እያስቀሩ የቆዩ አንድ ሰውዬ እግራቸው ተቆርጧል።

እታለም፣ ድካምሽ ይገባኛል። ግን እኔ ለባዕድ አባት ይህን ያህል ከደከምሁ፣ ለገዛ አባት ሃያ ደቂቃ ምን አላት?

ህይወት


ፍኖተ ሰላም
የካቲት 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለህይወት፤

የዘገየሁት መንገድ ተዘግቶ፣ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ጠፍቶ ነው። ደግሞም እውነቱን ብነግርሽ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነው።

«ሃያ ደቂቃ ምን አላት» ብለሽኛል። ልንገርሽ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል እነሳለሁ። መብራት ካለ ምድጃ እሰካለሁ፣ ከሌለ ከሰል አቀጣጥላለሁ። ውኃ በሁለት ቀን አንዴ ስለሚመጣ እቀዳለሁ። ለአባየ ጫማቸውን አደርግላቸዋለሁ፣ በር ድረስ እሸኛለሁ። ሲመለሱ መርፌ፣ ከዚያ ቁርስ፣ ከዚያ ሰባ ሁለት ተማሪ ይጠብቀኛል። ያንቺ ሽማግሌ ሥራሽ ናቸው። የኔ አባት ከሥራዬ በፊት ናቸው። እሱን ብቻ እወቂልኝ።

መቶ ሃያ ያልሁትም ወረቀቱ አልቆ ነው። እንዳትጨነቂ ብዬ ነበር።

ቄስ ይታገሱን ጠርቻቸው መጡ። «አባ፣ ታመዋል፤ መድኃኒት ላይ ነዎት፤ ጠዋት ይብሉ» አሏቸው። አባየ እንደ ተማሪ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙና፣ ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

«የቤተ ክርስቲያን ሰው ቀድሶ ይበላል እንጂ ቀድሞ አይበላም።»

ቄስ ይታገሱ ሳቁ። ሊገዝቱ የመጡት ሰውዬ «ይህችን ልጻፋት» ብለው ወረቀት ጠየቁኝ! በኋላ ግን ተቆጡ፤ «ነፍስዎን በራስዎ እጅ ካጠፉ ጾም አይባልም» አሏቸው። አባየም «እሺ፣ እበላለሁ» አሉ።

እና ይበላሉ። እኔ ስወጣ «ጸሎቴን ላድርስና» ይሉኛል፤ ስመለስ ሳህኑን ባዶ አገኘዋለሁ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?

አምለሰት


ላርናካ
መጋቢት 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም፤

ሁዳዴውን በሰላም ያስፈጽማችሁ። አስቀይሜሻለሁ መሰለኝ፤ ሆነ ብዬ አይደለም። ሰው ከሩቅ ሲሆን እጁ ስለማይደርስ አፉ ይረዝማል።

ሁለት ፓኬት የመለኪያ ወረቀት ልኬያለሁ። ባዶ ሳህን ማግኘትሽ ደስ ይላል፤ ግን ሲበሉ አጠገባቸው ቆመሽ እዪ። አደራ። በሁዳዴ ሰውዬው ሌላ ሰው ናቸው፤ ልጅ ሳለን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ሲያስተምሩ ትዝ ይለኛል። ሲበሉ እዪ።

ህይወት


ፍኖተ ሰላም
ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለህይወት፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። ወረቀቱ ደርሶኛል።

አባየ አሁን ይበላሉ። ያቀረብሁላቸውን ሁሉ ይበላሉ። በሁዳዴው ሮብና አርብ እንኳ በልተዋል። ቆሜ እያየሁ ነው የሚበሉት። ስኳራቸውን እየለካሁ ነው፤ ከዚህ ጋር ያለው ቁጥር ትክክለኛ ነው።

ለጊዜው ሌላ የሚጻፍ የለኝም።

አምለሰት


ላርናካ
ሰኔ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እህቴ፤

እልል! ደብዳቤሽን በቆምሁበት ሦስት ጊዜ አነበብሁት። በሁዳዴ፣ ሮብና አርብም! ቄስ ይታገሱ ያልቻሉትን እንዴት ቻልሽው? እሑድ ለጓደኞቼ «አባቴ ተሽሏቸዋል» ብዬ ዳቦ ጋግሬ ቆረስሁላቸው። አየሽ፣ ጥብቅ ብንል እንደሚሆን ነግሬሽ ነበር።

እዚህ ያለችው ጓደኛዬ የደምበጫዋ በለጠች በዚህ ወር ለእረፍት ወደ አገር ትገባለች። ትልቅ ካርቶን የታሸገ አጃ ላክሁ፤ ይኸኛው የፈላ ውኃ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ በአምስት ደቂቃ ይደርሳል። ቤትሽ ድረስ ታመጣልሻለች።

አንድ ልመና አለኝ። በስልክ ባገኘሁሽ ቁጥር «ተኝተዋል» ትዪኛለሽ። ድምፃቸውን ካልሰማሁ እንኳ በእጃቸው አንድ መስመር ምርቃት ይጻፉልኝ። «እግዚአብሔር ይባርክሽ» ትበቃኛለች። ለበለጠች ስጫት።

ህይወት


ላርናካ
ሐምሌ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

አምለሰት፤

በለጠች ከትናንት ወዲያ ተመለሰች። ምርቃቱን ስጠይቃት ፊቷን አዞረች። «አልነገሩሽም እንዴ?» አለችኝ።

አባየ ስሜን አያውቁትም። «ህይወት ላከችኝ» ስትላቸው «ማን?» አሉ። ዳዊት አይደግሙም። ያቀረብሽላትን ምሳ ከፊቷ አንስተው በሉ። «ጨምሪ» ይላሉ፤ ከዚህ ሌላ ቃል ብዙም የላቸውም አለች። መቼ እንደሆነ ስትጠይቅሽ «በሁዳዴ» ብለሻታል። በሁዳዴ! እኔ እዚህ ዳቦ ስቆርስ አባቴ አእምሯቸው ከጠፋ ሁለት ወር አልፏቸዋል!

መርዶ እንኳ ቢሆን ሰው ተሰብስቦ ይነግራል። አንቺ «ያቀረብሁላቸውን ሁሉ ይበላሉ» ብለሽ ጻፍሽልኝ። እኔም ተደሰትሁ። እንዴት ያለ ልብ ነው ያለሽ?

ምን አደረግሻቸው? ለሃያ ደቂቃ ብለሽ አባቴን ገደልሽ። ሌላ ምን እላለሁ። የሆነውን ጻፊልኝ፤ ሁሉንም።

ህይወት


ፍኖተ ሰላም
ነሐሴ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለህይወት፤

ሰላምታ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰረዝሁት። እንዲሁ ልጀምር።

መጋቢት 20፣ አርብ ነበር። ትምህርት ቤት ፈተና አለ፤ ፈታኟ እኔ ነኝ። አንድ ሰዓት ላይ መርፌያቸውን ወጋኋቸው። ሽምብራውን ለውሼ አቀረብሁና «አባየ፣ አሁን ይብሉ» አልሁ።

«እሺ ልጄ፣ ጸሎቴን ላድርስና።»

«መርፌ ተወግተዋል እኮ።»

«ጌታችንም የተወጋ አርብ ነው፤ ማን ቁርስ አቀረበለት?» አሉኝና ፈገግ አሉ።

ሰዓቴን አየሁ። ከግቢ ስወጣ ዞር ብል፣ ሳህኑን በጋቢያቸው ሸፍነው በጓሮ በር ሲወጡ አየኋቸው።

አየሁ፣ ህይወት። የመጀመሪያዬም አልነበረም። በታኅሣሥ አንድ ሮብ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አንዲት ነዳይ በኔ ሳህን የኔን ሽምብራ ስትበላ አግኝቻታለሁ። ማን እንደሰጣት መጠየቅ አላስፈለገኝም። በጾም ቀን ሁሉ ያወጡላት ነበር። «ሳህኑን ባዶ አገኘዋለሁ» ብዬ የጻፍሁልሽ እውነት ነው። የጻፍሁት እውነት ሁሉ እንደዚያ ያለ ነው።

ለምን ዝም አልሽ ትዪኛለሽ። ደክሞኝ ነበር። ከአባት ጋር በየጠዋቱ መጣላት ያደክማል። ደግሞ ሲጾሙ ፊታቸው ይበራ ነበር፤ ያችን ብርሃን ለማጥፋት አልጨክን አልሁ። እስከዚያ ቀን ምንም ስላልሆኑ ምንም የማይሆኑ መስሎኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን ላንቺም ልንገርሽ። ነርሷ «ካልበሉ መርፌውን አትውጊ፤ መጥተሽ ጠይቂን» ብላኛለች። አንቺ ደግሞ «አንድም ቀን እንዳይቀር» ብለሽ ጽፈሻል። እኔ ያንቺን ያዝሁ። ስላልበሉት ቁርስ መዋሸት ችዬ ነበር፤ ስላልወጋሁት መርፌ ግን ምን ብዬ እንደምጽፍልሽ ጨነቀኝ። ፈራሁሽ። የገዛ ታናሼን ፈራሁሽ።

ሳህኑን ለነዳይዋ ሴት ሰጥተው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግንብ ተደግፈው ተቀመጡ። ስንት ሰው በፊታቸው አለፈ መሰለሽ! ነጭ የለበሰ ሽማግሌ ቄስ ዓይኑን ጨፍኖ ግንብ ተደግፎ ሲያዩ እየጸለዩ መስሏቸው ተሳልመው አለፉ። አምስት ሰዓት ላይ ያችው ሴት ሳህኑን ልትመልስ ስትነካቸው ወደቁ። እሷ ናት የጮኸችው። ጎረቤቴ ዓባይነሽ በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ወሰደቻቸው፤ እኔን ከፈተናው ክፍል ጠሩኝ። ሐኪሞቹ የሚደረገውን ሁሉ አደረጉ። በአራተኛው ቀን ነቁ። «ስኳሩ ወርዶ ብዙ ስለቆየ አእምሮአቸው ተጎድቷል» አሉኝ። «ሲበሉ እዪ» ያልሽበት ደብዳቤ የደረሰኝ ከወደቁ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። ከአልጋቸው ሥር ቁጭ ብዬ አነበብሁት።

ልነግርሽ ነበር። ግንቦት ላይ ስጽፍ መጀመሪያ የጻፍሁት ሙሉውን ነው፤ ቀደድሁት። ሩቅ አገር ብቻሽን ሆነሽ ይህን ስታነቢ ማን ይይዝሻል ብዬ ነው። ይህም ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ፣ አሁን ያልሽኝን እንደምትዪኝ አውቅ ነበር።

አሁን ቁርሳቸው ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። የላክሽው አጃ አልቋል። ዕድሜዬን ሙሉ «እርስዎ» ያልሁትን ሰው አሁን «አፍህን ክፈት» እላለሁ። «አፍዎን ይክፈቱ» ስላቸው አይሰሙኝም፤ እንደ ሕፃን ስናገራቸው ይከፍታሉ። የስቅለት ዕለት አገሩ ሁሉ ሲሰግድ ሌላ እህል አልውጥ ብለው በር ዘግቼ እንቁላል አበላኋቸው። «ጨምሪ» አሉኝ። ጨመርሁ። ይኸው አሁንም ፍልሰታ ነው፤ የሰፈሩ ሕፃናት እንኳ ሲጾሙ ጠዋት በአንድ ሰዓት አበላቸዋለሁ።

ቄስ ይታገሱ «ኃጢአት የለብሽም» ብለውኛል። እኔ ግን አንድ ቀን ነቅተው «ምን አበላሽኝ?» ይሉኛል ብዬ እሰጋለሁ። ሮብና አርብ ካበላኋቸው በኋላ ቤተ ክርስቲያን መግባት አልችልም። ከውጭ በሩን ተሳልሜ እመለሳለሁ።

ለሳቸው ብለሽ አትምጪ፤ አያውቁሽም። የምትመጪ ከሆነ ለእኔ ብለሽ ነይ።

አምለሰት


ላርናካ
መስከረም 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለአምለሰት፤

ደብዳቤሽን ጠዋት ሽማግሌውን ቁርስ እያበላሁ አነበብሁት። ማንኪያው ከእጄ ሲወድቅ «ምን ሆንሽ?» አሉኝ። «አባቴ ታመው ነው» አልኋቸው። «አባት አለሽ እንዴ?» አሉኝ። አምና ስለ አባየ እንቁላል የነገርኋቸው በአማርኛ ነበር። አራት ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ በየጠዋቱ አጉርሻቸዋለሁ።

«ገደልሽ» ያልሁት ቃል አንዴ ተጽፏል፤ መልሼ አልውጠውም። ይቅር አልሁሽ ብዬም አልዋሽሽም፤ ገና ነኝ። አንቺም እኔን ይቅር ለማለት አትቸኩዪ። አንቺ ያየሽውን ደበቅሽ፤ እኔ ያላየሁትን አዘዝሁ። ከዚህ ወዲያ ማን ይበልጣል ብለን ብንለካካ አባየን አይመልስልንም።

ሥራውን ለቅቄያለሁ። ምትክ ሰው እስኪያገኙ አንድ ወር ጠብቂ ብለውኛል። በጥቅምት አጋማሽ ባሕር ዳር እደርሳለሁ፤ ከዚያ ወዲህ መንገዱ ክፍት በሆነበት ቀን ፍኖተ ሰላም እገባለሁ። ልትቀበዪኝ አትውጪ፤ ክፍልሽን አስተምሪ።

«ማን?» ቢሉኝ ስሜን እነግራቸዋለሁ። በማግስቱም ቢጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ።

ሮብና አርብን ለኔ ተይልኝ። እነዚያን ጠዋቶች እኔ አበላቸዋለሁ፤ የሚያስጠይቅ ከሆነም እኔ እጠየቃለሁ። አንቺ ከበሩ አትመለሺ፤ ግቢ።

ህይወት